የሙቀት ሕመም በቆላ የሠፈራ ቀበሌዎች፤ መለያው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታውና መከላከያው

መግቢያ

ድርቅና ሠፈራ በሚያጋጥሙበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሡት ሕመሞች ወባ፣ ተቅማጥ፣ ኩፍኝና የምግብ እጥረት ናቸው። ከእነዚህ ጎን ብዙ ሳይነገርለት የሚያልፍ፣ ነገር ግን ማለዳ በሙሉ ጤንነት ወደ ሥራ የወጣውን ጎልማሳ ከቀትር በኋላ ለሞት ሊያበቃ የሚችል ሌላ ሕመም አለ። ይኸውም ከመጠን ያለፈ ሙቀት በሰው አካል ላይ የሚያስከትለው ሕመም ነው።

ይህ ሕመም ተለይቶ የማይታወቅበት አንዱ ዋነኛ ምክንያት በቆላ ቀበሌዎች ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ በቅድሚያ የወባ ሕመምተኛ ተብሎ ስለሚገመት ነው። ወባ ይዞታል የተባለው ሰው ይሸፈናል፤ ክኒን ይሰጠዋል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ተሽከርካሪ እስኪገኝ ድረስም ይጠበቃል። በሙቀት ለተመታው ሰው ግን መሸፈኑ ይጎዳዋል፤ ክኒኑ አይጠቅመውም፤ መጠበቁ ይገድለዋል። እርሱን የሚያድነው በወደቀበት ስፍራ ወዲያው በሰውነቱ ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጫኖን አካባቢ ለምሳሌ በመውሰድ፣ በሠፈራና በዕርዳታ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሕመሙን ለይተው እንዲያውቁ፣ የመጀመሪያውን ዕርዳታ እንዲሰጡና ከመድረሱ በፊት እንዲከላከሉ መርዳት ነው።

1. የጫኖ ሜዳና ከደጋ የሚወርደው ሰው

ጫኖ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሜዳማ አገር ሲሆን፣ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ጫልባና ጫኖ ዶርጋ የተባሉት ቀበሌዎች ይገኙበታል። በምዕራብ በኩል የጋሞ ተራሮች ከፍ ብለው ይታያሉ። ከተራሮቹ የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በመስኖ ቦይ እየተከፈለ የሙዝ፣ የማንጎና የበቆሎ ማሳዎችን ያጠጣል። ሙዙ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። የመልቀሙ፣ የመሸከሙና የመጫኑ ሥራ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ ከደጋው ለሥራ የሚወርደው ሰው ጥቂት አይደለም።

የጫኖ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ በተራራው ላይ የሚገኘው ጨንቻ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአማካይ በየ1000 ሜትር ከፍታው አየሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ይታወቃል። በዚህ ስሌት ከጨንቻ ተነሥቶ ወደ ጫኖ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ወደሚበልጥ ሙቀት ይገባል ማለት ነው። ሙቀቱ የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት የቀትሩ አየር ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በሐይቁ ዳርቻና በመስኖ በሚጠጣው የሙዝ ማሳ ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ሲጨመርበት ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህም የሙቀቱ ጫና ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው በላይ ይከብዳል።

ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ የጋሞ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ በጎጃም ወደ መተከልና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች የተወሰዱት 600,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ የደጋና የወይና ደጋ ነዋሪዎች ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራምም በ3 ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር የታቀደ ነበር። በእነዚህ ሠፈራዎች የተገኘው ትምህርት ብዙ ሲሆን፣ አንደኛው ሰፋሪው ከሚረከበው መሬት ጋር የማያውቀውን አየርም አብሮ የሚረከብ መሆኑ ነው።

2. ሰውነት ሙቀትን የሚያስወግድበት መንገድ

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሰው በሚሠራበት ጊዜ ጡንቻዎቹ ሙቀት ያመነጫሉ። ደም ይህን ሙቀት ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያደርሳል፤ አየሩ ከቆዳው የቀዘቀዘ እንደሆነ ሙቀቱ ወደ አየሩ ይወጣል። የአየሩ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሲቃረብ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ላብ ብቻ ነው። ላብም ቢሆን የሚያቀዘቅዘው በቆዳ ላይ ሲደርቅ እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም።

በብርቱ ፀሐይ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ከላቡም ጋር ጨው ይወጣል። የወጣው ውሃና ጨው ካልተተካ ደሙ ይቀንሳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ በዚህም ሙቀቱ በውስጥ ይጠራቀማል።

ሰውነት ከሙቀት ጋር የሚላመድበት ችሎታ አለው። የተላመደ ሰው ቶሎ ያልበዋል፤ ብዙም ያልበዋል፤ ላቡ ግን የሚይዘው ጨው ያነሰ ነው። ይህ መላመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ መጪው ሰው ለአደጋ የሚጋለጠው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የተገኘው መላመድም ቋሚ አይደለም። ሰውዬው ወደ ደጋ ተመልሶ ከሳምንት በላይ ከቆየ እየቀነሰ ይሄዳል። ለመስቀል በዓል ወደ ዘመዶቹ ወጥቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሰንብቶ የሚመለስ የጫኖ ሠራተኛም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ አዲስ መጪ መታየት ይገባዋል።

3. የሕመሙ ደረጃዎችና ምልክቶቻቸው

ሀ) የጡንቻ ቁርጠት፡- ብዙ ላብ ያወጣ ሠራተኛ በባቱ፣ በጭኑ ወይም በሆዱ ጡንቻ ላይ ብርቱ ሕመም ይሰማዋል። አእምሮው ሙሉ ነው። ሥራውን አቁሞ በጥላ ማረፍና ጨው ያለበት ፈሳሽ መጠጣት ይበቃዋል። በዚያው ቀን ወደ ከባድ ሥራ መመለስ ግን የለበትም።

ለ) የሙቀት ድካም፡- ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርቱ ጥማት፣ ብዙ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና የጉልበት መክዳት ይታያል። ሽንቱ ይቀንሳል፤ መልኩም ይጠቁራል። በሰልፍ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅና ወዲያው ሊነቃ ይችላል። ሰውዬው ስሙንና ያለበትን ስፍራ ይናገራል። ይህ ደረጃ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው።

ሐ) በሙቀት መመታት፡- የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ አንጎሉም ይታወካል። ሰውዬው ይዘባርቃል፤ ያለምክንያት ይቆጣል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ከዚያም ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ይስታል። ቆዳው እንደ እሳት ይፋጃል። ላቡ ደርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በሥራ ላይ የተመታ ሰው በላብ እንደ ራሰ ሊወድቅ ስለሚችል ላብ መኖሩ ሊያዘናጋ አይገባም።

ሁለተኛውን ከሦስተኛው ደረጃ የሚለየው ቁልፍ የአእምሮ ሁኔታ ነው። በብብት የሚለካ ቴርሞሜትር የውስጡን ሙቀት አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በሙቀት ውስጥ የቆየና አእምሮው የታወከ ሰው ሁሉ የልኬቱ ቁጥር ምንም ይሁን ምን በሙቀት እንደ ተመታ ተቆጥሮ ወዲያው ዕርዳታ ሊሰጠው ይገባል።

4. ከወባና ከምች መለየት

ለትምህርት ያህል የሚከተለው ሁኔታ ይታሰብ። ከደጋ ከወረደ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ወጣት ከማለዳ ጀምሮ ሙዝ ሲሸከም ውሎ በቀትር ይደክማል። ጓደኞቹ ሲጠሩት የማይገናኝ መልስ ይሰጣል። ሰውነቱ ሲዳሰስ ይፋጃል። አንዱ «ወባ ነው» ይላል፤ ሌላው «የፀሐይ ምች ነው» ይላል። ቡልኮ አልብሰው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያስተኙታል፤ በሩንም ብርድ እንዳይገባ ይዘጉታል። አንዱ መኪና ፍለጋ ወደ አውራ ጎዳናው ይሄዳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም ለወንድማቸው የሚያስቡ ናቸው። ነገር ግን ያደረጉለት ሁሉ በውስጡ ያለውን እሳት የሚያባብስ ነው።

ወባ በጫኖና በአካባቢው ለረጅም ዘመን የኖረ እውነተኛ ጠላት ስለሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ሆኖም ልዩነቶቹን ማስተዋል ይጠቅማል። የወባ ትኩሳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በብርድ ስሜትና በመንዘፍዘፍ ነው፤ ሕመምተኛው ቀደም ባሉት ቀናት የመገጣጠሚያ ሕመምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሊሰማው ይችላል፤ ሌሊትም ይነሣበታል። በሙቀት መመታት ግን የሚደርሰው በሥራ፣ በጉዞ ወይም በሰልፍ ላይ ሳለ፣ ወይም በታፈነ መጠለያ ውስጥ ሲሆን፣ ከሰዓታት በፊት ጤነኛ የነበረውን ሰው በድንገት ይጥለዋል። አእምሮን የሚያስት ከባድ ወባም ስላለ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት የማይቻልበት ጊዜ ይኖራል። በዚያን ጊዜ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ማቀዝቀዙ ወዲያው ይጀመራል፤ የደም ምርመራው ሳይዘገይ ይከተላል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በሕዝቡ ዘንድ ምች የሚባለው ሕመም በዳማከሴ ይታከማል። ዳማከሴውን ጨምቆ በቡና መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። በሙቀት የተመታና አእምሮው የታወከ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር ሊሰጠው አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ትኩሳት ማብረጃ ክኒንም ቢሆን የሚሠራው ለበሽታ ትኩሳት ነው፤ ሙቀት ላስነሣው ትኩሳት አይጠቅምም፤ ጉበትን ሊጎዳም ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው «የጋለ ሰውነት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ብርድ ይመታዋል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በቁጣ አይመለስም። የሠፈሩ ሽማግሌዎችና እናቶች አስቀድመው፣ ሕመምተኛ በሌለበት ቀን፣ ነገሩ ሊብራራላቸው ይገባል። የጋለ ድስት ከእሳት ላይ ካልወረደ እንደሚያር ሁሉ፣ የጋለው ሰውነትም ካልቀዘቀዘ አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ።

5. የመጀመሪያ ዕርዳታ

ለሙቀት ድካም፡- ሕመምተኛው ወደ ጥላ ይወሰዳል፤ ልብሱ ይላላል፤ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ይላሉ፤ ፊቱና ደረቱ በውሃ ይርሳል። አእምሮው ሙሉ ከሆነና ካላስመለሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ አንድ ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ጥቂት በጥቂት ይጠጣል። ንጥረ ነገሩ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። በ1 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

በሙቀት ለተመታ ሰው የሚደረገው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ) በአቅራቢያው ወዳለ ጥላ ይወሰዳል፤ ከውስጥ ልብሱ በቀር ልብሱ ይወልቃል።

2ኛ) አንድ ሰው መኪና እንዲጠራ ይላካል፤ ሌሎቹ ግን መኪናውን ሳይጠብቁ ሥራቸውን ይጀምራሉ።

3ኛ) ውሃ ከራሱ እስከ እግሩ ያለማቋረጥ ይፈስበታል። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል። የሚፈሰው ውሃ የሚጠጣ መሆን የለበትም፤ የቦይ ውሃም ይሠራል፤ አፉና አፍንጫው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ይገባል።

4ኛ) ሁለት ሰዎች በካርቶን፣ በሰፌድ ወይም በሰፊ የሙዝ ቅጠል ያራግቡለታል። ውሃው ጥቂት ከሆነ በነጠላ ተነክሮ ሰውነቱ ይሸፈናል፤ ነጠላውም ቶሎ ቶሎ እንደገና ይነከራል።

5ኛ) ራሱን ከሳተ በግራ ጎኑ ይተኛል። ሲንቀጠቀጥ በጥርሱ መካከል ምንም አይገባም፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይጠቅምም።

6ኛ) ማቀዝቀዙ የሚቆመው አእምሮው ሲመለስ፣ ወይም ሙቀቱ ከ39 ዲግሪ በታች መውረዱ ሲረጋገጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ወሳኞች ናቸው።

7ኛ) ከዚያ በኋላ፣ የተሻለው ቢመስልም እንኳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በመንገድም መስኮቱ ተከፍቶ ማርጠቡ ይቀጥላል። የኩላሊትና የጉበት ጉዳት ዘግይቶ ሊገለጥ ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሕመምተኛውን ወደ አባያ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ አውርዶ መንከር አይፈቀድም። ራሱን የሳተ ሰው በጥልቅ ውሃ ይሰጥማል፤ ሐይቁም አዞ ያለበት መሆኑ የታወቀ ነው። ውሃው ወደ ሰውዬው ይምጣ እንጂ ሰውዬው ወደ ውሃው አይወሰድ።

6. መከላከያ

ሥራ፡- ለአዲስ መጪ ሰፋሪ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛ ብቻ እንዲሆንና በየቀኑ አንድ አምስተኛ እየተጨመረ በአምስተኛው ቀን ሙሉ እንዲደርስ ይመከራል። በረሃብ የተዳከመ ሰው ከዚህም የዘገየ አጀማመር ያስፈልገዋል። ጎጆ መሥራት፣ ጉድጓድ መቆፈርና ምንጣሮ የመሳሰሉት ከባድ ሥራዎች ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢከናወኑ የቀትሩን ግለት ማምለጥ ይቻላል። ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩና አንዱ የሌላውን አነጋገር እንዲጠባበቅ ማድረግም ያለ ወጪ ሕይወት ያድናል፤ በሙቀት የሚመታ ሰው መታመሙን ራሱ አያውቅምና።

ውሃ፡- በፀሐይ የሚሠራ ሰው ጥማት ሳይጠብቅ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውሃ መጠጣት ይገባዋል። በ1 ሰዓት ውስጥ ከ1.5 ሊትር በላይ መጠጣት ደግሞ የደሙን ጨው ስለሚያቀጥነው አይመከርም። ከሥራ በፊትም ሆነ በሥራ ላይ ፓርሶና አረቄ መጠጣት ጉዳቱን ያባብሳል። ለተፈናቃዮች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው አነስተኛ የውሃ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ በቆላ ይህ ከሚጎድል ይልቅ ሊጨመርበት ይገባል።

የዕደላ ሰልፍ፡- በሙቀት የሚመቱት ሠራተኞች ብቻ አይደሉም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመካ የሐጅ ጉዞ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ደርሶ ከ1300 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹም ጥላና ማረፊያ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። የስንዴና የዘይት ዕደላ በሚደረግበት ስፍራም እናቶች ሕፃናት አዝለው፣ አረጋውያን ምርኩዝ ይዘው ለሰዓታት ይቆማሉ። ዕደላው በጎጥ ተከፋፍሎ፣ ስም አስቀድሞ ተጠርቶ፣ ማለዳ ቢጀመር ሰልፉ ያጥራል። ከዳሱ በፊት ጥላ፣ ከሚዛኑ በፊት የመጠጥ ውሃ ሊዘጋጅ ይገባል። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ከሰልፉ ፊት ይቀደማሉ።

መጠለያ፡- የላስቲክና የቆርቆሮ መጠለያ በቀትር ከውጭው አየር ይልቅ ይግላል። በጣሪያው ላይ ሣር ወይም የሙዝ ቅጠል መደርደር፣ በሁለቱ ወገን ነፋስ የሚገባበት ክፍተት መተውና ዛፍን ሳይቆርጡ ከሥሩ መስፈር ይጠቅማል። የሠፈራ ቦታ ሲመነጠር ትልልቅ ዛፎችን ማስቀረት ለመሬቱ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው። ሕፃናትን በቀትር በወፍራም ልብስ ጠቅልሎ ማስተኛት ሊቀር ይገባል።

ጉዞ፡- ሰፋሪዎችን የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ ከአቅሙ በላይ መጫን፣ ሸራውን አጥብቆ ማሰርና በቀትር በፀሐይ መቆም የለበትም። በጉዞው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃ ውሃ መኖሩን የጉዞው ኃላፊ ከመነሣቱ በፊት በዓይኑ ማየት ይገባዋል።

7. የኃላፊነት ክፍፍል

የቀበሌው ሊቀ መንበር በየሥራው ስፍራና በየዕደላው ጣቢያ ሁለት ጀሪካን ውሃ ለማቀዝቀዣ ብቻ ተለይቶ መቀመጡን ይቆጣጠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለቡድን መሪዎች የማቀዝቀዙን ሥራ በተግባር ታሳያለች። የዕርዳታ ሠራተኛው የአዲስ መጪዎችን የመግቢያ ቀን ይመዘግባል፤ 2 ሳምንት ያልሞላቸውን ለይቶ ያውቃል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከወባና ከተቅማጥ ጎን ለሙቀት ሕመም ራሱን የቻለ ዓምድ ያስገባል። ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ ሕመም በጀትም፣ መድኃኒትም፣ አሳቢም አያገኝምና።

ማጠቃለያ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለተሰጋ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ነበር። በኢትዮጵያም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ መክሸፋቸው ይታወሳል። ድርቁ ሰዎችን ከቀያቸው ባነሣ ቁጥር ያልለመዱት ሙቀት ውስጥ የሚገባው ሰው ይበዛል። ለዚህ ሕመም ግን ከውጭ አገር የሚመጣ መድኃኒት አያስፈልግም። ጥላ፣ ውሃ፣ ማራገቢያና የሚያውቅ ሰው ይበቃሉ። ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በሙቀት ድካምና በሙቀት መመታት መካከል ያለው ዋናው መለያ ምንድን ነው?

2. ትኩሳት ያለበትና የሚዘባርቅ ሠራተኛ ቢገኝ፣ ወባም ቢጠረጠር፣ በቅድሚያ ምን ይደረጋል?

3. በቀበሌያችሁ 2 ሳምንት ያልሞላቸው አዲስ መጪዎች ስንት ናቸው? በየትኛው ሥራ ላይ ተመድበዋል?

4. በሚቀጥለው የዕደላ ቀን ሰልፉ የሚቆምበት ስፍራ በቀትር ጥላ አለውን? የማቀዝቀዣው ውሃስ ማን ዘንድ ነው?